በአማካይ የሞተ የለም

ፕሮፌሰር ሞቴጊ በሞሪናይ ማዘጋጃ ቤት የእንግዳ ክፍል ውስጥ፣ የሻይ ኩባያው አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነበር። ስለ ከተማው ክሊኒክ የተጠራው ክርክር የሚጀመረው ልክ በአራት ሰዓት ነው። ታች አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው፣ አብዛኛው አዛውንት፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ ይጠብቃል።

ሐኪም በበረዶው መንገድ ከጎረቤት ከተማ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። የሞሪናይን ሆስፒታል ከአሥር ዓመት በፊት «የመንግሥት የበጀት ጉድለት ይዘጋ» ብሎ ያስዘጋው ራሱ ሟቹ ነበርና፣ ይህን የሰማ ሁሉ «ይበለው!» አለ። በሬሳ ላይ እንዲህ ማለት ነውር ነው፤ ግን ከተማው ውስጥ ያላለው ሰው ቢፈለግ አይገኝም።

«መርዝ ነው፤ ሻዩ ውስጥ» አለ ሐኪሙ።

ኢንስፔክተር ናሩሚ ራሷን ነቀነቀች። አርባውን የተሻገረች፣ ሰው ሲያወራ ፊቱን ትታ እጁን የምታይ ሴት ናት። ጠረጴዛው ላይ ሟቹ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ በፊርማ ፈንታ የሚያሳርፈው የግል ማኅተሙና በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ወረቀት አሉ። «በስሌቴ ተሳስቻለሁ። ሆስፒታሉን ማስዘጋቴ ጥፋት ነበር። ይቅር በሉኝ» ይላል። ወረቀቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ግርጌው ላይ ሁለት ትናንሽ የማኅተም ሳጥኖች አሉት፤ በግራ የከንቲባው፣ በቀኝ የአቅራቢው። የግራው ባዶ ነው። በቀኙ የሞቴጊ ቀይ ማኅተም አርፎበታል።

«ጸጸት ነው የገደለው!» አሉ ከንቲባ ካሱጋ እጃቸውን እያፋተጉ። «ኢንስፔክተር፣ ወርጄ ላንብበው? ሕዝቡ ዛሬ ነው ድምፅ የሚሰጠው። ክሊኒኩ በብድር ይከፈት ወይስ ይቅር? ይህን ከሰማ ማን እምቢ ይላል?»

«አይነበብም።»

«ምነው?»

«ክቡር ከንቲባ፣ አይነበብም አልኩ እኮ።»

የበሩ ጠባቂ እንዳለው ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ክፍል የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከንቲባው፣ ሟቹን በመድረክ ሊሞግቱ የመጡት ወይዘሮ ኢሶኖና የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሂሙሮ። ናሩሚ ከኢሶኖ ጀመረች። ሰባ ሊሞላቸው ነው፤ ምላሳቸው ግን ገና አላረጀም።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ! እሱ ወጪ ይቆረጥ፣ ልጆቻችን ዕዳ አይውረሱ ይላል። እኔ ደግሞ የትኞቹ ልጆች? እላለሁ። ሐኪሙን አባረህ፣ ትምህርት ቤቱን ዘግተህ፣ ዕዳውን የሚወርስ ልጅ ከየት ይወለድ? ዘር ቆጥቦ ያደገ አገር አለ እንዴ?»

«እሱስ ምን አለ?»

«ሳቀብኝ! ‹ተበድሮ ማደግ ማለት በልቶ መክሳት ነው› አለኝ፤ የማይረባ።»

«ታዲያ ገደሉት?»

«ልጄ፣ መድረክ ላይ ልበላው የመጣሁትን ሰው እዚህ ገድዬ ምን አገኛለሁ?»

ናሩሚ ቃላቸውን የጻፈችበትን ወረቀት እንዲያትሙበት ዘረጋችላቸው። ኢሶኖ በብዕር ጫር ጫር አደረጉበት። «ማኅተም የሚባል ነገር አልይዝም፤ ጣቶቼ እያሉ!» አሉ።

አቶ ሂሙሮ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያገለገሉ፣ ድምፃቸው ከወረቀት ኮሽታ የማይበልጥ ሰው ናቸው።

«የፕሮፌሰሩን ንግግር ያባዙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ትናንት። ሁለት መቶ ቅጂ።»

«ወንበሮቹ ላይ ግን አንድም አላየሁም።»

«ማደሉን… ረሳሁት።»

«አንብበውታል?»

«እኛ እናባዛለን እንጂ አናነብም፣ ኢንስፔክተር።»

ናሩሚ እጃቸውን አየች። ጣቶቻቸው የሱሪያቸውን ስፌት ይዘዋል። ፕሮፌሰሩ ጠዋት ማኅተሙን ያሳረፈበት ሌላ ነገር እንዳለ ጠየቀች፤ የእንግዳ መዝገቡን አመጡላት። የጽሕፈት ቤቱን አሮጌ ደብዳቤዎችም አስመጣችና ብቻዋን ብዙ አገላበጠች። ከዚያ ሦስቱንም ሬሳው ወደተነሣበት ክፍል ጠራቻቸው።

«ራሱን አላጠፋም» አለች ገና ሳይቀመጡ። «ንግግሩ ቦርሳው ውስጥ አለ። ሌላም ይቆረጥ ነው የሚለው፤ የጸጸት ሽታ የለበትም። ትናንት እንዲህ ብሎ ያስባዛ ሰው በነጋታው ይቅር በሉኝ አይልም። ስለዚህ ደብዳቤውን የጻፈው ገዳዩ ነው።»

«ማኅተሙስ?» አሉ ከንቲባው።

«እሱን ልል ነው። መዝገቡ ላይ የሞቴጊ ማኅተም እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሰውየው ለማንም አንገቱን ሰብሮ አያውቅም። ደብዳቤው ላይ ግን ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ ወደ ከንቲባው ሳጥን። ይህን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የበታች ሠራተኛ ማኅተሙን ሲያሳርፍ ወደ አለቃው ያዘነብለዋል፤ እጅ እንደ መንሣት ነው። ክቡር ከንቲባ፣ እርስዎ እዚህ ቤት የሚሰግዱለት ሰው የለም፤ ማኅተምዎ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ነው። ወይዘሮ ኢሶኖ ማኅተም አይዙም። የቀረው በሠላሳ ስምንት ዓመት ደብዳቤ ላይ አንዴም ሳያጎነብስ ያልቀረ አንድ ማኅተም ነው።» ወደ ሂሙሮ ዞረች። «የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባላል። ሬሳ አጠገብ ቆመው፣ በሟቹ ማኅተም፣ ለአለቃዎ እጅ ነሡ።»

ሂሙሮ ወረቀቱን አዩ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ድምፅ አወጡ።

«ንግግሩን አንብበውታል አይደል?»

«ሠላሳ ስምንት ዓመት ያባዛሁትን አላነበብኩም። ያንን ግን አነበብኩት። ‹ሆስፒታሉ ከተዘጋ ወዲህ በሞሪናይ የሟች ቁጥር በአማካይ አልጨመረም› ይላል።» ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «በአማካይ! ሚስቴ ሳዬ አምቡላንስ ውስጥ፣ በረዶው መንገድ ዘግቶብን፣ እጄን ጨብጣ ነው የሞተችው። በአማካይ ግን ሚስቴ አልሞተችም! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ኢንስፔክተር። ይቅርታ አልልም ስላለ እኔ አልኩለት። ይኸው ዘንድሮ እሱም ተቆጠረ፤ እስቲ አማካዩ ከፍ ይል እንደሆነ እናያለን!»

«አጠፋኸን፣ ሂሙሮ» አሉ ከንቲባው ወንበሩ ላይ ዘፍ ብለው። «ደም የፈሰሰበትን ብድር ማን ይፈቅድልናል? ክሊኒኩ ቀረ። ሕዝቡን በትኑት።»

«ይቅር! እኔ የፈለግሁትን አድርጌያለሁ» አሉ ሂሙሮ።

ኢሶኖ ወደ ሂሙሮ ዞሩ። ከኮታቸው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«አንተ ደደብ» አሏቸው። «አርባ አንድ ስም ነው። ሁሉም ሐኪም ጋ ሳይደርሱ መንገድ ላይ የቀሩ። ሁለት ዓመት ቤት ለቤት ዞሬ ነው የሰበሰብኩት። ያንተን በር ሁለቴ አንኳኩቼ አልከፈትክልኝም፤ ከጎረቤት ሰማሁ። እሱ መድረክ ላይ እንደ ልማዱ አማካይ ሲል እኔ ስም በስም ላነብበት ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው ፊት፣ ዓይኑን እያየሁ። የመጀመሪያው የሚስትህ ነው።»

ሂሙሮ እጃቸውን ወደ ወረቀቱ ዘረጉ። ከታች ሰው ወንበር እየገፋ ሲወጣ ይሰማል።

«ያንብቡልኝ» አሉ። «እባክዎ፣ የእሷን ብቻ ያንብቡልኝ።»

ኢሶኖ ወረቀቱን መልሰው አጠፉት።

«አንተማ ታውቀዋለህ። መስማት የነበረበት እሱ ነበር።»