ሁለት ዓይን ያላት ዳክዬ

እንግልውድ ውስጥ የሚኖሩት አዛውንቱ ሚስተር ጊብ ጋራዣቸውን ለመኪናቸው ነፍገው ለዳክዬ ሰጥተውት ነበር። ለእንጨት ዳክዬ። አዳኞች ይገዙና ሐይቅ ላይ ያንሳፍፉታል፤ የዱር ዳክዬ በላይ ሲያልፍ ዘመዶቹ ያረፉ ይመስለውና ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሚስተር ጊብ ብዙም አያብራሩም።

ፀዳል እዚያ መሥራት የጀመረችው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት በጋ ላይ ነው። አባቷ አቶ ወልደገብርኤል፣ ኦሮራ ከተማ፣ ኮልፋክስ ጎዳና አጠገብ ባለው አፓርታማቸው ሶፋ ላይ ሆነው ዜናውን በጥሞና ሰሙ።

«የነርሲንግ ሆም ሥራሽን ትተሽ ዳክዬ ልትኩዪ ነው?»

«ልቀባ ነው አባዬ።»

«ያው ነው» አሉ። በጴንጤዎቹ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መሪ ስለሆኑም ወዲያው ጸለዩላት።

ፀዳል እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፣ የመጀመሪያውን ቀለም ትቀባለች። ላባውንና ዓይኑን የሚስለው እዚያው የሚሠራው አባይነህ ነው። አባቱ ጎጃም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፤ ብሩሽ መያዝ የተማረው ከእሳቸው ነው። የሳለውን ላባ ሲያዩት ነፋስ የሚያነሳው ይመስላል። እሱ ግን ሰውን ዓይን ለዓይን አያይም። ፀዳልን ሰላም የሚላት ጫማዋን እያየ ነበር። ጫማዋን በደንብ ያውቀዋል።

ችግሩ የዳክዬዎቹ ዓይን ላይ ነው። ዳክዬ ዓይኗ በግራና በቀኝ ነው። አባይነህ ግን ሁለቱንም ወደ ፊት አምጥቶ፣ ትልልቅ አድርጎ፣ ዙሪያቸውን በጥቁር ከቦ ይስላቸዋል። መደርደሪያው ሲሞላ ጋራዡ ችሎት መሰለ፤ የገባ ሁሉ ጥፋቱን ማስታወስ ይጀምራል።

መስከረም ላይ አንድ አዳኝ የገዛቸውን በሙሉ መልሶ አመጣ። «የዱር ዳክዬዎቹ ወረዱ፣ አዩዋቸው፣ ተመልሰው ሄዱ» አለ። «እውነቱን ለመናገር እኔም ልሄድ ነበር።»

አባይነህ እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ ሚስተር ጊብ ወደ ፀዳል ዞሩ።

«ዋናው የአደን ወቅት ሳይከፈት ዓይናቸውን ወደ ጎን ይመልስ። አለዚያ ሌላ ሠዓሊ እፈልጋለሁ በይው።»

ተረጎመችለት። ሚስተር ጊብ መደርደሪያውን ደግመው አዩና፣ «ደግሞ ለምንድን ነው ዳክዬዎቼ ሁሉ አንቺን የሚመስሉት?» አሉ።

ፀዳል የብርጭቆ ወረቀቷን አነሳች።

«ምን አሉ?» አለ አባይነህ።

«ብሩሽህን እጠብ አሉ።»

አባይነህ የታጠበውን ብሩሽ እንደገና አጠበ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሚስተር ጊብ ወደ ቤት ሲገቡ ፀዳል አጠገቡ ተቀመጠች።

«በጎን አንዳንድ ዓይን ብታደርግላቸው ምን አለበት?»

«በቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«ማን ነው?»

«ይሁዳ። ይሁዳና ሰይጣን። አባቴ ደግ ፍጥረትን በአንድ ዓይን ስሎ አያውቅም። እነዚህ ምስኪኖች ምን አጠፉ?»

«ሰው ያስገድላሉ።»

«ሰው አይደለም፣ ዳክዬ ነው። እሱም ቢሆን ሳያውቁ ነው።»

«እኛ ጋ ሥዕል ስለሌለ አይገባኝም» አለች ፀዳል።

«ለዚህ ነዋ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትጸልዩት። የምታዩት የላችሁም!»

ሳቀች። እሱ ግን ሳንድዊቹን ጠቀለለው።

«ሚኒያፖሊስ ያለው የአጎቴ ልጅ ና እያለኝ ነው። መጋዘን ውስጥ ሥራ አለ። የመጋዘን ካርቶን ዓይን የለውም።»

ፀዳል የሷን ምሳ አልጨረሰችም።

እሑድ በጸሎት መሃል ዓይኗን ገለጠች። ከዚህ በፊት አድርጋው የማታውቀው ነገር ነው። አባቷ አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ቀብረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በፍጹም ሰላም ቆመዋል። ፀዳል ትክ ብላ አየቻቸው። ይህን ፊት የሆነ ቦታ ታውቀዋለች። አሜን ሲባል ትዝ አላት፤ ጋራዡ ውስጥ፣ ከጠረጴዛው ሥር።

ሰኞ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ካርቶን ጎትታ አወጣች። ሚስተር ጊብ የቀረጿቸውና ማንም ያልቀባቸው፣ አንገታቸውን አዙረው ጀርባቸው ላይ ያስተኙ ዳክዬዎች ነበሩ።

«እነዚህ ተኝተዋል» አለች። «የተጨፈነ ዓይን አይቆጠርም።»

አባይነህ አንዷን አንስቶ ብዙ አገላበጣት።

«ይሁዳ ተኝቶ ሲሳል አላየሁም» አለ በመጨረሻ፤ ብሩሹንም አነሳ።

ጥቅምት ላይ ሚስተር ጊብ ሁለቱንም ይዘዋቸው ከኦሮራ ወጣ ብሎ ወዳለ ሐይቅ ሄዱ፤ ጠመንጃ ሳይዙ፣ አንሳፍፎ ለማየት ብቻ። የተኙት ዳክዬዎች በውሃው ላይ ቀስ ብለው ተወዛወዙ። ትንሽ ቆይቶ ከሰማይ ሁለት እውነተኛ ዳክዬዎች ወረዱና አጠገባቸው አረፉ።

«አመኑ» አለች ፀዳል በሹክሹክታ።

«የሚተኛ ዘመድ ካለ ቦታው ሰላም ነው ማለት ነው» አለ አባይነህ። አሁንም ጫማዋን ያያል። «ያን ቀን ሚስተር ጊብ ብሩሽህን እጠብ አላሉም።»

«እንግሊዝኛ ትሰማለህ እንዴ?»

«'ዳክዬ' እና 'አንቺ' የሚለውን እሰማለሁ።»

ቀና ብሎ አያት። ሙሉ ለሙሉ፣ በሁለቱም ዓይኑ። አሁን ደግሞ ፀዳል አጎንብሳ የሱን ጫማ ማየት ጀመረች። ቀለም የነካው ጫማ ነው።

«አባዬ እሺ አይሉም። እኛ ጴንጤ፣ አንተ የሠዓሊ ልጅ።»

«ሽማግሌ እልካለሁ።»

«እዚህ አገር ማን ሽማግሌ አለህ?»

አባይነህ ቀስ ብሎ ዞረ። ሚስተር ጊብ ከወዲያ ማዶ ቴርሞሳቸውን ሊከፍቱ ይታገላሉ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስተር ጊብ ከረባት አስረው፣ አንዲት የተኛች ዳክዬ ታቅፈው እነ አቶ ወልደገብርኤል ሳሎን ቆሙ። አስተርጓሚያቸው የአባይነህ አከራይ ጋሽ ጥሩሰው ነበሩ።

«ይቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ወልደገብርኤል።

«ልጅዎን ሳይሰጡን አንቀመጥም» አሉ ሚስተር ጊብ በአማርኛ። መኪና ውስጥ ሲያጠኑት ነው የመጡት። ጉልበታቸው ግን አላጠናም፤ መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

«ልጁ ጨዋ ነው ይባላል» አሉ አቶ ወልደገብርኤል። «ግን በኛ ቤት ሥዕል አይሰቀልም።»

«ይቺ አትሰቀልም» አሉ ጋሽ ጥሩሰው። «ትንሳፈፋለች።»

አቶ ወልደገብርኤል ዳክዬዋን ተቀብለው አገላበጧት። ላባዋን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ምነው ዓይኗን ጨፈነች?»

«እየጸለየች ነዋ» አለች ፀዳል ከኩሽናው በር። «እርስዎን አይቼ ነው ያሰብኳት፣ አባዬ።»

አባትየው ልጃቸውን አዩ፤ ዳክዬዋን አዩ፤ የሚንቀጠቀጠውን ጉልበት አዩ። ዳክዬዋን ቲቪው ላይ አስቀመጧትና ወንበር ሳቡ።

«እሺ» አሉ። «አሁን ይቀመጡ።»

ሚስተር ጊብ ከማንም በፊት ተቀመጡ።

ፀዳል ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን ገለጠች። ታች ፓርኪንጉ ውስጥ አባይነህ የጋሽ ጥሩሰው መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ከመኪናው የፊት መስታወት ሥር፣ ሳትሸጥ የቀረችው ባለ ሁለት ዓይኗ ዳክዬ አለች።

ሁለቱም ቀና ብለው መስኮቱን ያያሉ።