ሚስ ማላቲ ሲደግሙ

«እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ፤ እግዚኦ መሐረነ ክርስ…»

አደይ ቃሉን ሳትጨርስ ቆመች። የግቢው በር መቀርቀሪያ ሲነሳ ሰምታለች። አባቷ አንኳኩቶ አያውቅም ነበር። በቆርቆሮው ክፍተት እጁን ሰዶ መቀርቀሪያውን ያነሳና በሩን በትከሻው ይገፋዋል። መጀመሪያ የብረቱ ድምፅ፣ ቀጥሎ የቆርቆሮው። መቁጠሪያውን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ሄዳ መጋረጃውን ገለጥ አደረገች። በሩ እንደተዘጋ ነው። ግቢው ውስጥ ከዶሮዎቹ በቀር ማንም የለም።

አባቷ ላቀው ከቡሬ በርበሬ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ደምበጫ ሳይደርስ ገደል ገብቶ ሞተ፤ ሙት ዓመቱ እየቀረበ ነው። መቁጠሪያው የእሱ ነው። በአርባው ማግስት እናቷ አቻምየለሽ መዳፏ ላይ አስቀመጠችላትና «ማታ ማታ ለነፍሱ በይለት» አለቻት። ከዚያ ወዲህ እናቷ ስሙን ጠርታ አታውቅም።

አደይ ጸሎቱን አንድም ቀን እስከ መጨረሻው አድርሳው አታውቅም። መሀል ላይ በሩ ይከፈታል፤ ወይም ከጃኬቱ የማይለቀው የበርበሬ ሽታ መጥቶ አፍንጫዋን ይኮረኩራታል። ተነስታ ስታይ ማንም የለም። ስትመለስ የት እንዳቆመች ይጠፋባታል። እናቷ ከጓዳ «ጨረስሽ?» ስትላት ግን «ጨረስኩ» ትላለች።

ከፋሲካ ወዲህ የጓሮውን ክፍል የተከራዩት ሚስ ማላቲ ናቸው። ሕንዳዊት ናቸው። ባሕር ዳር ብዙ ዓመት አስተምረው አሁን ፍኖተ ሰላም፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ይሠራሉ። አማርኛውን ቀስ እያሉ፣ ግን ሳይሳሳቱ ይናገሩታል። ጠዋት ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ይቀመጡና ቀኝ እጃቸውን ካንገታቸው ባንጠለጠሉት የጨርቅ ከረጢት ከተው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ዶሮዋ እግራቸው ሥር ብትጭር፣ ባጃጅ በደጅ እየጮኸ ቢያልፍ፣ እሳቸው ንቅንቅ አይሉም።

አንድ ጠዋት እናቷ ኪዳን ልታስደርስ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ አደይ መቁጠሪያዋን እንደያዘች ጠጋ አለች።

«ሚስ፣ ከረጢቱ ውስጥ ምንድን ነው?»

«መቁጠሪያ። እንዳንቺው። እኛ ዘንድ ለሰው ዓይን አይታይም፣ ይሸፈናል።»

«ምንድን ነው የሚሉት?»

«የአምላኬን ስም። እሱኑ ደጋግሜ።»

«ሐሳብዎ ግን አይሄድም?»

ሚስ ማላቲ ሳቁ። «አሁን የት ነበርኩ መሰለሽ? ገበያ! ምስር ስለቅም ነው የደረስሽብኝ።» ከዚያ ረጋ አሉ። «ሲሄድ አልቆጣውም። ለራሴ ጆሮ ብቻ በሚሰማ ድምፅ እላለሁ፣ ጆሮዬም አፌን ይጠብቃል። ጆሮ ካልሰማ፣ አፍ ብቻውን ዘበኛ የሌለው ቤት ነው።»

አደይ የደጃፉን ድንጋይ በጫማዋ ጫፍ ፈተገችው። «የሚመጣው ሐሳብ ባይሆንስ? ሰው ቢሆንስ?»

ሴትየዋ ማን እንደሆነ አልጠየቁም። «ሰው ቤትሽ ሲመጣ ታባርሪያለሽ እንዴ? ቁጭ በል ትይዋለሽ። ከዚያ ወደ ሥራሽ ትመለሻለሽ።»

ከዚያ በኋላ እናቷ ኪዳን በሄደች ቁጥር አደይ ከደጃፉ ሌላኛው ጫፍ መቀመጥ ጀመረች። ሚስ ማላቲ የራሳቸውን፣ እሷ የራሷን። ማታ ማታ በሩ መከፈቱን አልተወም። አንዳንዴ ግን ሳትነሳ ታሳልፈዋለች። ያን ጊዜ ደስ ይላታል፤ ወዲያው ደግሞ ያባረረችው ይመስላታል።

ይህን ለጓደኛዋ ለያምሮት ባትነግራት ኖሮ ጥሩ ነበር። ሙድ ትይዝብኛለች ብላ ፈርታ ነበር። ያምሮት ግን አልሳቀችም፤ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። በማግስቱ ትምህርት ቤት፣ ዕረፍት ላይ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«አዱ፣ አትጩሂብኝ። ለእማዬ ነገርኳት።»

«ምኑን?»

«የአባትሽን… በሩን። ከአፌ አመለጠኝ በቃ! እሷ ደግሞ ‹ሕንዷ ናት› አለች። እጇን ደብቃ የምትደግመው ድግምት ነው፣ ነፍሱን አላሳርፍ ያለችው እሷ ናት እያለች ነው። ማታ እናንተ ቤት ትመጣለች።»

«አብደሻል እንዴ፣ ያምሮት?»

«ስሚ፣ ፋራ አትሁኚ። አንቺ ዝም በይ። ሴትዮዋ ትወጣለች፣ ነገሩም ያልቃል። አብረሻት ስትቀመጪ እንደነበር ካወቁ ግን ጠበል ነው የሚያስገቡሽ።»

እነሱ ሰፈር፣ ሸሽጎ የሚቆጥርና ከንፈሩን የሚያንቀሳቅስ ሰው በጎ አያስብም ይባላል። የሚጸልይ ሰው መቁጠሪያውን ምን አስደበቀው? አደይም ብትሆን ጠጋ ብላ ባትጠይቅ ኖሮ ይህንኑ ታስብ ነበር።

የያምሮት እናት እትዬ እህተ ማርያም ጀምበር ስትጠልቅ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ጠላ ግን አልነኩትም።

«አቻሜ፣ እኔ ክፉ አልወድም። ግን የቤትሽን ጭስ ከሩቅ የሚያየው ጎረቤት ነው።»

«ምን ጭስ አየሽ?» አለች እናቷ።

«ያረፈ ነፍስ በር አይቆረቁርም። የጠራው ካለ እንጅ።»

«ማን ነው በር የሚቆረቁር?»

«ልጅሽን ጠይቂያት።»

እናቷ ቀስ ብላ ዞረች። አደይ በተከፈተው በር በኩል የጓሮውን ክፍል መብራት አየች። ሚስ ማላቲ ከኮሌጅ ተመልሰው፣ ምንም ሳያውቁ፣ የታጠበ ልብስ ከገመድ እያወረዱ ነበር። ዝም ማለት ይቻላል። ዝም ብትል ነገ ሻንጣቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ማንም እሷን አይወቅሳትም።

«መስማት የጀመርኩት ሚስ ሳይመጡ በፊት ነው» አለች። «ከአርባው ጀምሮ። እማ፣ ጨረስኩ የምልሽ ውሸቴን ነው። አንድም ቀን አልጨረስኩለትም። መሀል ላይ ይመጣል።» በእጇ ወደ ጓሮው አመለከተች። «አንቺ ኪዳን ስትሄጂ ከሚስ ጋር እቀመጣለሁ። ሐሳቤ እንዳይሄድ ምን ላድርግ ብዬ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። እሳቸው የራሳቸውን ይላሉ፣ እኔ የአባዬን። ከረጢቱ ውስጥ ያለውም መቁጠሪያ ነው።»

«ወይኔ ልጄን!» እትዬ እህተ ማርያም አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «አየሽ አቻሜ? አየሽ? ይዛታለች!»

እናቷ የጥቁር ቀሚሷን እጥፋት በመዳፏ ታስተካክል ነበር። የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

«እኔ ስንት ሌሊት ተነስቼ በሩን ከፍቼለታለሁ» አለች በመጨረሻ። «እኔንስ የማን ድግምት ይዞኝ ነው፣ እህተ ማርያም?»

ጎረቤቲቱ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ጉድ ነው» ብለው ብቻ ተነሱ። እናቷ እንደ ደንቡ እስከ ደጅ ሸኘቻቸው። «ሴትዮዋ የትም አትሄድም» ስትላቸው አደይ ከቤት ውስጥ ሰማች።

እራት በሉ። ሳህኖቹን ሲያነሱ እናቷ ጀርባዋን እንደሰጠች ጠየቀቻት።

«መቼ መቼ ነው የምትሰሚው?»

«ማታ ማታ።»

«እኔ ወደ ንጋት ነው» አለች እናቷ፤ ሳህኖቹንም ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ጠዋት የሰፈሩ ቧንቧ ዘንድ ወረፋው ረዝሞ ነበር። አደይ ቢጫ ጀሪካኗን ይዛ ቆማለች፤ ያምሮትና እትዬ እህተ ማርያም ከኋላዋ ናቸው። ወሬው በአንድ ሌሊት ሰፈሩን አዳርሷል። ሚስ ማላቲ ሳሪያቸው ላይ ሹራብ ደርበው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ የሴቶቹ ወግ ተቋረጠ።

«እንደምን አደራችሁ?» አሉ ሚስ ማላቲ እንደ ሁልጊዜው።

መልስ የሰጠ የለም። ውኃው ብቻ ባዶ ጀሪካን ውስጥ ይንደቀደቃል። ሚስ ማላቲ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ፤ የት እንደሚያስቀምጡት ያጡ ይመስሉ ነበር።

የአደይ ወረፋ ሊደርስ አንድ ሰው ነው የቀረው። ጀሪካኗን እዚያው ትታ ከሰልፉ ወጣች።

«እንደምን አደሩ፣ ሚስ» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እስከ አስፋልቱ ልሸኝዎ።»

«ወረፋሽስ?»

አደይ ዞር ብላ ያምሮትን አየቻት። ከትናንት ጀምሮ አላናገረቻትም። ያምሮት ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች፤ እናቷ ደግሞ ክርኗን ጨብጠው ይዘዋል።

«ያምሮት ትይዝልኛለች» አለች።

ከዚያ ከሚስ ማላቲ ጎን ሆና መራመድ ጀመረች። መታጠፊያው ጋ ሊደርሱ ሲሉ ከወረፋው በኩል የላስቲክ ጀሪካን በድንጋይ ላይ ወደ ፊት ሲገፋ ሰማች። ዞራ ሳታይ መንገዷን ቀጠለች።