ስምንተኛው መፍቻ

ቅዳሜ ጠዋት ምሥራችና ሁለት ባልደረቦቿ ወንዙን ሲሻገሩ ውሃው ከጉልበታቸው አላለፈም። ከሰዓት በኋላ ግን ሰማዩ ተዘረገፈባቸው። ድንች የሚያካክል በረዶ የጥዱን ቅርንጫፍ እየቀነጠሰ ሲወርድ ሦስቱም ቦርሳቸውን አናታቸው ላይ ደፍተው አንድ ቋጥኝ ሥር ተወሸቁ። ምሥራች ትከሻዋን እየተወቀረች የምታስበው ስለ በረዶው አልነበረም። ስለ ሰኞ ነበር።

ሰኞ ለአለቃዋ መልስ መስጠት አለባት። በካናዳዋ ካልጋሪ ኤርፖርት አሥራ አንድ ዓመት የአውሮፕላን መካኒክ ሆና ስትሠራ ስሟ በክፉ ተነስቶ አያውቅም፤ ባለፈው ሰኔ ግን አንዲት መፍቻ ሞተር ውስጥ ረስታ ክዳኑን ዘጋችበት። አውሮፕላኑ ሳይነሳ ተገኘ፣ ማንም አልተጎዳም፣ ከአንድ ወር እገዳ በኋላም ተመለሺ ተባለች። እጇን ማመን ያቃታት እሷው ናት። ታራዴል ሰፈር ያለው ቤቷ ውስጥ የምድጃውን ማጥፊያ ሦስት ሦስት ጊዜ ሳትነካ አትተኛም። ሙያውን ልትተው መሆኑን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለጋሼ ወልዴ።

ጋሼ ወልዴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት የአየር ኃይል መካኒክ ሆነው የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮችን ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረዋል። አሁን ደግሞ አሮጌ የጦር አውሮፕላን የሚያድሱ በጎ ፈቃደኞች ሃንጋር በሚሉት የአውሮፕላን ማደሪያ ውስጥ ይውላሉ፤ በሩ ሊቆለፍ ካልሆነ አይወጡም። እዚያ ስድስት ዓመት የተለፋበት አንሰን የሚባል አውሮፕላን አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእንግሊዝ በመርከብ መጥቶ የካናዳ ልጆች በረራ ተምረውበታል። ጎማው የሚታጠፈው በሰው ክንድ ነው፤ ከአብራሪው ጎን የተቀመጠው ተማሪ መዘውር ይዞ መቶ አርባ ዙር ያህል ያሽከረክራል። ያ መዘውር ታዲያ አውሮፕላኑ የገበሬ ግቢ ውስጥ ወድቆ በኖረባቸው ዓመታት ጠፋ። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ እሱ ብቻ ጎደለ።

መፍትሔውን ያመጣው ሳሙኤል ነው። ሳምንቱን የጭነት መኪና የሚነዳ፣ እሁድ እሁድ ሃንጋሩ ውስጥ ቀለም የሚቀባ ሰው ነው። ዓምና አጋዘን ሲያድን ከሮኪ ተራሮች ግርጌ ጫካ ውስጥ ወድቆ የቀረ ሌላ አንሰን ላይ ደረሰ። የዚያ አውሮፕላን አብራሪና ሦስት ተማሪዎቹ በእግራቸው ወጥተው መትረፋቸው በመዝገብ ሰፍሯል። ስለ አወዳደቁ ግን «ከፍታ ማግኘት አልቻለም» ከማለት በቀር የተጻፈ የለም። መዘውሩን እንዲያወጡ የተሰጣቸው ፈቃድ እሁድ ያበቃል። ጋሼ ወልዴ ምሥራችን ያመጧት «ሰኞ የፈለግሽውን ወስኚ፤ እሁድ ግን እጅሽን አውሺኝ» ብለው ነው።

በማግስቱ ማለዳ የጫካ ፍሬ የሞላበት ተዳፋት ሲወጡ ድብ ከፊታቸው ተነሳ። በኋላ እግሩ ሲቆም ከሳሙኤል አንድ ክንድ ይበልጣል። ሳሙኤል የድብ መከላከያውን ስፕሬይ ሊያወጣ ቢታገል የቦርሳው ዚፕ ነክሶ ያዘበት። ጋሼ ወልዴ ኮፍያቸውን አወለቁ፤ ጉዳይ ሊያስፈጽሙ ቢሮ የገቡ ይመስል ድምፃቸውን አለዝበው፣ ጌታዬ አላየንዎትም፣ ቁርስዎን ይጨርሱ፣ እኛ በዚያ በኩል እንዞራለን እያሉ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የማያውቁትን ሁሉ፣ አውሬም ቢሆን፣ አንቱ ማለት ልማዳቸው ነው። ድቡ አየሩን አነፈነፈ፣ አሰበበት፣ ወደ ፍሬው አጎነበሰ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ምሥራች ከጥቁሩ ጥድ መሀል ቢጫ ቀለም የተቀባ ብረት ታያት። ቀረበች። የአንሰኑ የእንጨት ክንፍ አፈር ሆኗል፣ ሸራው በስብሶ አልቋል፤ የብረት አጽሙ ግን ሙሉ ነው፣ በመሀሉም አንድ ጥድ በቅሎ ጣራውን አልፎ ወጥቷል። ጎማዎቹ ገሚስ ታጥፈው ቀርተዋል። ምሥራች የብረቱን መጋጠሚያ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ባሕር ማዶ የሆነ ሰው የበየደው ነው፣ ሰማንያ ዓመት በረዶ ተኝቶበትም አልላላም። ቤተ ክርስቲያን የገባች ያህል ተሰማትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሥራ ጀመረች።

ለእንግሊዝ ብሎን የእንግሊዝ መፍቻ ነው የሚሆነው፤ ሌላው አይገጥምም። ስለዚህ ከሃንጋሩ ሰባት መፍቻ ይዘዋል፣ ሁሉም ቀይ ቀለም ተቀብተዋል። አራት ሰዓት ሙሉ በሆዷ ተኝታ ፈታች። መጨረሻ ላይ መዘውሩን ከነካቴናው ስትስበው፣ ካቴናው የሚዞርበት ጥርስ ሥር በሙጫና በጭቃ የተለወሰ መፍቻ እጇ ላይ መጣ። ደነገጠች። ረስቼው ልሄድ ነበር ብላ፣ ሳታየው ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ የትናንቱ በረዶ ቀልጦ ውሃው እስከ ደረት ሞልቷል። ሳሙኤል ይዞት የመጣውን ገመድ ጥድ ላይ አሰረ። ጋሼ ወልዴ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መፍቻዎቹን እንድትቆጥር አዘዟት።

«ጋሼ፣ ውሃው እየጨመረ ነው፤ መኪና ውስጥ ቼክ እናደርጋለን» አለ ሳሙኤል።

«ከተሻገርን በኋላ ቢጎድል፣ እኛ እንርሳው ወንዝ ይውሰደው በምን ታውቃለህ?» አሉ። ንቅንቅ አላሉም።

ምሥራች ቆጠረች። ስምንት። እንደገና ቆጠረች፣ ስምንት። ሦስተኛም ስምንት ሲሆንባት ዕንባዋ መጣ።

«ጋሼ፣ መቁጠር እንኳ አቃተኝ።»

ጋሼ ወልዴ ስምንተኛውን አነሱና በወንዙ ውሃ አጠቡት። ቀይ ቀለም የለበትም። ዝገት በልቶታል፤ የእንግሊዝ መለኪያው ቁጥር ግን ይነበባል።

«ይሄ የእኛ አይደለም። ከየት አወጣሽው?»

ገሚስ ታጥፈው የቀሩት ጎማዎች ዓይኗ ላይ መጡ። «ካቴናው ሥር ተሰንቅሮ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «መዘውሩን አንቆት ጎማው ለተማሪዎቹ አልታጠፍ ብሎ ነው። ተንጠልጥሎ የቀረው ጎማ አየር እየያዘ ከፍታ ያጡት ለዚህ ነው።»

የማታውቀው ሰው፣ እናቷ እንኳ ሳትወለድ የሠራው ስህተት፣ የእሷው ስህተት፣ ከዚህ ሁሉ ጫካ እጇ ላይ ወደቀ።

«የረሳው መካኒክ ሳያውቅ ኖሮ ሳያውቅ ሞተ» አሉ ጋሼ ወልዴ። «አንቺ ግን አውቀሻል። እኔ አውሮፕላን አምኜ የምሰጠው ለሚያውቅ ሰው ነው።»

ሳሙኤል ቀድሞ ተሻግሮ የገመዱን ጫፍ ማዶ ካሰረ በኋላ፣ ምሥራች መዘውሩን በቦርሳዋ አዝላ ገመዱን ይዛ ገባች። መሀል ላይ ድንጋይ ከእግሯ ሥር ተንከባለለ፣ ውሃው በራሷ ላይ ሄደ። ሳሙኤል ቦርሳውን ጣይው ሲል ይሰማታል። አልጣለችም። ሁለት እጇን ገመዱ ላይ አጥብቃ፣ አንዱን ካላስያዘች ሌላውን ሳትለቅ፣ ክንድ በክንድ እየተሳበች ወጣች። ማዶ ተኝታ ስታስል እጆቿን አየቻቸው። ደም ለብሰዋል፤ ገመዱን ግን አላስመለጡም።

በኅዳር አንድ ምሽት ከሺፍት እንደወጣች፣ የኤርፖርቱን የሥራ ልብስ ሳትቀይር ሃንጋሩ ደረሰች። የአንሰኑ ሆድ በክሪክ ተነስቷል። ከአብራሪው መቀመጫ ጎን ተቀምጣ መዘውሩን አሽከረከረች፤ ሳሙኤል ከታች ይቆጥራል። በመቶ አርባ ሁለተኛው ዙር ሁለቱ ጎማዎች ገብተው ተቆለፉ። ጋሼ ወልዴ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ምሥራች ወርዳ ክዳኑን ከመግጠሟ በፊት መፍቻዎቹን ቆጠረች። ሰባት ናቸው። ስምንተኛው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥራ ዘጋችው።