የቅጥረኞቹ የመጨረሻ ትዕይንት

«ባልሽ እኮ ነው የሞተው» አለ ራምዚ። «አንቺ ግን ወደ እንሴኖ የሚሄደው መኪና ያመለጠሽ ነው የምትመስይው። እንደገና።»

ሀሴት ዞር ብላ ባሏን አየችው። በአባቷ ጋቢ የተጠቀለለ ጭድ ነው፤ እግሩ አካባቢ ተፈትቶ መፍሰስ ጀምሯል።

ፊልሙ አንድ ሰው እንዲገድሉ ስለተቀጠሩ ሁለት ሰዎች ነው። ጸሐፊውም አዘጋጁም ራምዚ ሲሆን፣ ከጓደኛቸው ከአቡሽ ጋር ሆኖ ገዳዮቹንም ይጫወታል። ገዳዮቹ ሊገድሉ በመጡ ቁጥር ሰውየው «ሳትቀምሱማ አትወጡም» ይላቸዋል። በልተው ከጠገቡ በኋላ መግደሉ ያሳፍራቸውና አመስግነው ይሄዳሉ። በመጨረሻ ሰውየው ራሱ ከመሰላል ወድቆ ይሞታል፤ እነሱም ለቅሶ ደርሰው ከቤተሰቡ አብልጠው ያለቅሳሉ።

የቀረው የሚስትየዋ ኡኡታ ብቻ ነበር። ፊልሙ ሰኞ ወልቂጤ ለሚካሄደው የትምህርት ቤቶች ውድድር ይላካል። ሀሴት እዚያ መድረክ ላይ ስሟ ሲጠራ ከወዲሁ በሀሳቧ ሰምታዋለች።

ስልኳ ጓሮ ካለው እንሰት ጋር በሻሽ ታስሮ ይቀርጻል። ሀሴት በዚህኛው ዙር ጭዱን ትታ ጋቢውን አየች፤ አባቷ ማታ ማታ የሚለብሰው ጋቢ ነው። የወጣት ኡኡታ ራሷንም አስደነገጣት።

ወዲያው የግቢው በር ተበርግዶ እትዬ ዛህራ ገባች። አጥር የምትጋራቸው ጎረቤት ናት። ልብስ ስታጥብ የነበረች ይመስላል፣ አረፋው ክርኗ ድረስ ደርሷል፤ አንዱ ነጠላ ጫማዋ በሩ ላይ ቀርቷል። የእንጨት ሽጉጥ የያዙትን ገዳዮች ዞር ብላም አላየቻቸው።

«ሰምታችኋል አይደል?» አለች ሀሴትን። «ሙባሪክ ነው?»

ልጇ ሙባሪክ ደቡብ አፍሪካ ነው ያለው፤ ከረመዳን ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። በዚህ አገር ደግሞ መርዶ መጀመሪያ የሚገባው ጎረቤት ቤት ነው። ጎረቤት ሰምቶ፣ ፊቱን አስተካክሎ «እንዴት አደርሽ» ይላል። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ንጋት ላይ እስኪናገሩ ድረስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ከሟቹ እናት በቀር። ዛህራ ወራቱን ሁሉ የጎረቤት ፊት ስታነብ ነው የከረመችው።

ዝምታቸውን እንደ መልስ ቆጠረችውና መሬት ላይ ወደቀች። ያለቀሰችውን ለቅሶ ራምዚ ሊጽፈው፣ ሀሴትም ልትጫወተው አይችሉም ነበር። አቡሽ ሽጉጡን ጥሎ «እትዬ፣ ፊልም ነው፤ በአላህ ፊልም ነው» እያለ ደጋገመላት። «ፊልም» የሚለው ቃል ጆሮዋ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ሲደርስ እንባዋን በአረፋው እጇ ጠረገችና ሥራችሁን አበላሸሁባችሁ ብላ ይቅርታ ጠይቃቸው ሄደች።

ስልኩን ከእንሰቱ የፈታው ራምዚ ነው። ሁሉንም ቀርጾታል። ደጋግሞ አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ፊቷ አይታይም፤ ጀርባዋ ብቻ ነው። ማንም አያውቃትም።»

«ራምዚ፣ ያምሃል?»

«እኔም ከፍቶኛል እኮ። ግን እንዲህ የሚያለቅስ ከየት ይመጣል? በዚህ ካላሸነፍን በምንም አናሸንፍም። ማታ ላኪልኝ።»

ስልኳን ከእጁ ተቀበለች። የከፋው መሆኑን ከድምፁ አውቃለች። የባሰባት ግን እሷም ስታየው አሪፍ ነው ማለቷ ነበር።

አመሻሹ ላይ በሩ ላይ የቀረውን ጫማ ይዛ ወደ ዛህራ ቤት ሄደች። ዛህራ አስቀመጠቻት፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ትምህርቷ ጠየቀቻት። ከዚያ ያ ሁሉ ጩኸት ለምን እንደሆነ ልየው አለች። ሀሴት እምቢ የምትልበት አፍ አልነበራትም። የተቀረጸውን ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ከፈተችላት።

ገዳዮቹ እጃቸውን ታጥበው ቀረቡ። «አንተ ጀምር» አለ አንዱ ሽጉጡን ከምግቡ እያራቀ። «ኧረ አንተ ቅደም፣ ታላቅ እያለ» አለ ሌላው። ዛህራ ሳቀች። ሳቋ ያስደነገጣት ይመስል አፏን በእጇ ያዘች።

«ሙባሪኬም እንዲህ ነው» አለች። «መሶብ ፊት ሲቀርብ ጠቡን የሚረሳ።»

ሰውየው ከመሰላሉ ወደቀ። ጋቢው መጣ፣ ጭዱ ታየ። ቀጥሎ ያለው የመጨረሻው ነው። የሀሴት አውራ ጣት ስልኩ ላይ ቆመ።

«ከዚህ በኋላስ?»

«ገና አልተቀረጸም፣ እትዬ።»

ዛህራ የስልኩን ሳይሆን የሀሴትን ፊት ስታይ ቆየች። ፊት ማንበብ ታውቅበታለች።

«እንግዲያው ስትቀርጹት ቀድመሽ ንገሪኝ» አለች ጫማውን እግሯ ላይ እያጠለቀች። «አውቄው ልቀመጥ።»

ሀሴት ወጥታ በሁለቱ ግቢዎች መሃል ቆመች። የመጨረሻውን ቀረጻ ከፍታ ማጥፊያውን ነካች። ስልኩ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ነኝ አለችው። ወዲያው የራምዚ መልእክት ገባ፤ «ላክሽው?»

ጻፈችለት፤ «አጥፍቼዋለሁ። ነገ እንደገና እንቀርጻለን፤ ከመጮሄ በፊት ግን እትዬ ዛህራ ጋ ደርሼ እመጣለሁ።»

ከዚያ የባሏን ጭድ አራግፋ፣ ጋቢውን አጣጥፋ ለአባቷ ልትሰጥ ገባች።