የተቀዳ ሳቅ

«እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ! አሁን ሊረሳው ነው፣ እዩት!» አለች ጃዝሊን፤ ስልኳን ከምሳ ሳህኖቹ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛለች።

ጠረጴዛውን የከበቡት ልጆች አንገታቸውን አሰገጉ። በስልኩ ላይ ጺሙ የሸበተ፣ ሰፊ ጥቁር ሸሚዝ የለበሰ ሰው ማይክ ይዞ መንገድ መሃል ቆሟል። ምቱ ይቀጥላል፤ ሰውዬው አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ቃሉ ጠፍቶበታል። ሆን ብሎ ያደረገው ለማስመሰል ጭንቅላቱን በምቱ ልክ እየነቀነቀ ቆየ። ከካሜራው ጀርባ አንዲት ልጅ ከት ብላ ስትስቅ ይሰማል።

«ሽሜው ባትሪ ጨረሰ!» አለ አንዱ።

«እረፍ በሉት እንጂ፣ የልጅ ልጅ የለውም እንዴ?» አለ ሌላው።

ሳቁ ጠረጴዛውን አናወጠው። ዛሪያ ቡሎክም ሳቀች፤ እንዲያውም ከሁሉም ቀድማ። ሰውዬው አባቷ ነው። ቪዲዮውን የቀረጸችውም እሷ ናት።

ዛሪያ እስካለፈው ነሐሴ ድረስ ባልቲሞር ከእናቷ ጋር ነበር የምትኖረው። የእናቷ ሥራ ሲቀየር ፊላደልፊያ አባቷ ዘንድ መጣች። አዲሱ ትምህርት ቤቷ ውስጥ አባቷ ዳርኔል ቡሎክና ዘፋኙ ማስተር ብሪክ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያውቅ የለም። እሷም አልተናገረችም። የጃዝሊን እናት ወጣት እያለች የእሱ ቡድን ዘፈን በየመኪናው ይከፈት ነበር፤ ሦስት የሰፈር ጓደኛሞች ነበሩ፣ ሙዚቃውን በሙሉ ይሠራ የነበረው እሱ ነው። ከዚያ ተለያዩ። አንዱ ዘፈን ትቶ ሰባኪ ሆነ፣ አንዱ ካሊፎርኒያ ገባ። ብሪክ ግን ብቻውን ቀጠለ። በየጥቂት ዓመቱ አንድ አልበም ያወጣል፤ ጥቂት ሰዎች ይሰሙታል፤ እሱም ተመልሶ ምድር ቤት ያለው ስቱዲዮው ውስጥ ይገባል። ቀን ቀን የወጣቶች ማዕከል ውስጥ ሙዚቃ ያስተምራል።

ቪዲዮው የተቀረጸው ቅዳሜ ዕለት ነው፤ የጎረቤት መንደር መንገድ ዘግቶ ድግስ ደግሶ ነበር። አባቷን ጋበዙት። ሰዉ የድሮውን ዘፈን እየጠራ ሲጮህ «እሱን ነገ ቤታችሁ ክፈቱት፤ ዛሬ አዲሱን ልስጣችሁ» አለና ጀመረ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ጠፋበት። ዛሪያ የውኃ ጠርሙሱን ይዛ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ቆማ ነበር። ፊቷ ጋለ፤ መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ስልኳን አውጥታ ስትቀርጽ ግን ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ሆነላት፣ ቀለላት። ሳቀችም። ማታ ለጃዝሊን ላከችላት፤ ከሥሩም «ይህን ፋራ ሰውዬ እዪልኝ» ብላ ጻፈች። ጃዝሊን ለሁሉም አሰራጨችው።

ረቡዕ ከሰዓት አባቷ በመኪና ሊወስዳት መጣ። ቤንዚን ሊሞላ ሲቆም በብስክሌት የሚያልፉ ልጆች አወቁት።

«ኧረ ብሪክ! ቃሉ ተገኘ ወይ?»

«እየፈለግኩት ነው፤ ካገኛችሁት አምጡልኝ!» አላቸው እየሳቀ፣ እጁንም አውለበለበላቸው።

ዛሪያ ወንበሩ ላይ ተንሸራታ ከመስኮቱ በታች ሆነች። አባቷ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ሳቁ ፊቱ ላይ አልነበረም። ቁልፉን ወዲያው አላዞረም። መሪውን ይዞ ትንሽ ቆየ።

«ደህና ነህ፣ አባዬ?»

«ደህና ነኝ። ቀበቶሽን እሰሪ።»

ቁልፉን አዞረና ወደ ቤት ነዳ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከምድር ቤቱ ሙዚቃ ይሰማል። ለሳምንታት ሲታገለው የነበረው ዘፈን ነው፤ «አንድ ነገር ይጎድለዋል» እያለ ከራሱ ጋር ሲሟገት ሰምታዋለች። አሁን ከበሮው ውስጥ አዲስ ድምፅ ገብቷል፤ አጭር፣ ስለታም፣ በየምቱ መጨረሻ ብቅ የሚል። ደረጃውን ግማሽ ድረስ ወርዳ ቆመች።

ሳቅ ነው። የእሷ ሳቅ።

አባቷ ሳይዞር «ነይ ውረጂ» አላት፤ ሙዚቃውንም አቆመው።

ወረደች። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች።

«ማክሰኞ ማዕከሉ ውስጥ ልጆቹ አሳዩኝ» አለ። «መጀመሪያ ላይ እኔም ራሴን አይቼ ሳቅኩ። ከዚያ ያቺ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ቀረች፤ ምት አላት። ቤት መጥቼ ቆርጬ አወጣኋት። የማን እንደሆነች ያወቅኩት ብቻዋን ስሰማት ነው። ዕድሜ ልኬን ድምፅ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ዛሪያ። የልጄ ሳቅ አይጠፋኝም።»

አንድ ነገር ልትል ፈለገች። ያዘጋጀችው ውሸት ነበር፤ ጓደኛዬ ስልኬን ወስዳ ነው ልትል። አባቷን ስታየው ውሸቱ አፏ ውስጥ ሟሟ።

«ተናደሃል?»

«ትናንትና ነዳጅ ማደያው ጋ መኪና መንዳት አቅቶኝ ነበር» አለ። «እሱ ንዴት ከሆነ እንግዲህ፣ አዎ።»

እንባዋ መጣ። ጠረገችው፤ ማልቀስ እንኳ የማይገባት መሰላት።

«ታዲያ ለምን አትተወውም?» አለች። ክፉ ልትናገር አልነበረም፤ ግን እንደዚያ ሆኖ ወጣ። «ሰዉ እኮ የድሮውን ነው የሚፈልገው። ለምን ትቆማለህ ፊታቸው?»

አባቷ ወንበሩን ወደ እሷ አዞረ።

«ሦስት ሆነን ስንዘፍን አንዱ ሲረሳ ሌላው ይቀበለው ነበር። ሰዉ ማን እንደረሳ እንኳ አያውቅም። ብቻህን ስትሆን የሚሸፍንልህ የለም። ስትረሳ ሁሉም ያያል።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ግን ስታስታውስም ያንተ ነው። እነዚህ አዳዲሶቹ የእኔ ናቸው። እየረሳሁም ቢሆን የእኔ ናቸው።»

ከውጭ የጎረቤት ውሻ ይጮኻል።

«አሁን የምጠይቅሽ ይህን ነው» አለ ወደ ድምፅ ማቀናበሪያ ማሽኑ ዞሮ። «ሳቁን ከዘፈኑ ላውጣው ወይስ ይቆይ? አውጣው ካልሽኝ አወጣዋለሁ፤ ዳግመኛም አላነሳብሽም።»

አውጣው ልትል አፏን ከፈተች። ይወጣል፤ ማንም አያውቅም፤ ነገ ጃዝሊን አጠገብ ተቀምጣ ምሳዋን ትበላለች። አባቷ ግን ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ ፊቱን አየችው። ለሳምንታት ሲፈልገው የነበረውን ድምፅ ሊጥልላት ተዘጋጅቷል።

«ይቆይ» አለች።

«ዘፈኑ ሲወጣ እኮ ትምህርት ቤትሽ ያሉትም ይሰሙታል።»

«ይስሙ።»

ራሱን ነቀነቀና ማይኩን ወደ እሷ ጎተተላት። «የስልኩ ድምፅ ቆሻሻ ነው። ጥርት ያለ ልቅዳ። እንደዚያን ቀን ሳቂልኝ።»

ቦርሳዋን አስቀመጠች። የጆሮ ማዳመጫው ለጭንቅላቷ ሰፊ ስለሆነ በሁለት እጇ ያዘችው። ምቱ ገባ። አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳል የመሰለ ነገር ነው። እንደገና ሞከረች። ሳቁ አልመጣም። ያን ቀን ከየት እንዳመጣችው ግራ ገባት።

አባቷ ቀረጻውን አላቋረጠም። አልተቻኮለምም።

«ሌላ ነገር ልበል?» ብላ ጠየቀችው።

«ማይኩ ያንቺ ነው።»

ወደ ማይኩ ጠጋ አለች። ምቱ አንድ ጊዜ አለፋት፤ ሁለተኛው ሲመጣ ገባች።

«ዛሪያ ቡሎክ ነኝ» አለች። «የማስተር ብሪክ ልጅ። የሳቅኩት እኔ ነኝ።»

ሙዚቃው ቆመ። አባቷ ለአፍታ አንገቱን ደፍቶ ቁልፎቹን ሲነካካ ቆየ።

«መጨረሻው ላይ ድምፅሽ ተንቀጥቅጧል» አለ በቀስታ። «እንድገመው?»

ዛሪያ የጆሮ ማዳመጫውን አወረደች።

«አይ» አለች። «ይኸው ይሁን።»