የማይበጠስ ክር

«እማዬ፣ ማተቤን አውልቄ ልግባ ወይስ ሥራውን ልተወው?»

ሙሴ ይህን ሲጠይቃት እጅጋየሁ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች፤ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ቢላዋውን መልሳ አነሳች።

ሙሴ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነው። በአሮጌው ካይሮ፣ ከማር ጊርጊስ የሜትሮ ጣቢያ ጀርባ፣ ኡስታ ሪዝቅ በሚባሉ ግብጻዊ አናጢ ወርሻ ውስጥ ሥራ ካገኘ ገና ሳምንቱ ነበር። የእጅ ሥራ ቤቱን በዚያ አገር ወርሻ፣ ባለሙያውን ደግሞ ኡስታ ይሉታል። ኡስታ ሪዝቅ በወጣትነታቸው የደረጃና የበረንዳ ምሰሶ በመሮ ሲቀርጹ ኖረዋል። አሁን ግን ኮምፒዩተር የሚያዘው ማሽን ገዝተዋል። ማሽኑ እንጨቱን ከሁለት ጫፉ ነክሶ ያሽከረክረዋል፤ መቁረጫው በላዩ ላይ እየተመላለሰ የወይን ሐረግ ከነቅጠሉ ያወጣበታል። የሙሴ ሥራ ሥዕሉን ኮምፒዩተሩ ላይ መጫን፣ እንጨቱን ማሰር፣ ቀረጻው ሲያልቅም ምሰሶው እየተሽከረከረ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነበር። ለዚህ የመጨረሻ ሥራ ሰው ወደ ማሽኑ ጎንበስ ማለት አለበት።

ስለዚህ ኡስታው ጥብቅ ደንብ አላቸው። ወደዚያ ማሽን የሚጠጋ ሰው ቀለበት፣ ሻርፕ፣ ጓንት አያደርግም፤ እጅጌው እስከ ክርኑ ይጠቀለላል፤ አንገቱ ላይ ምንም አይንጠለጠልም። ምንም ሲሉ ምንም ነው።

የሙሴ ማተብ ግን እንዲሁ ማተብ አልነበረም። ቤተሰቡ በሱዳን በረሃ ሲያልፍ የክርስትናው ማተብ ተበጥሶ አሸዋ ውስጥ ጠፋ። በዚያው መንገድ ላይ አባቱ ጉግሳ በወባ ሞተ። እጅጋየሁ ሁለቱን ነገር በልቧ አንድ ላይ ቋጠረቻቸው። ክሩ ባይበጠስ ኖሮ ሰውየው አይሞትም ነበር ብላ በአፏ አልተናገረችም፤ ግን ታምነው ነበር። ካይሮ እንደገቡ የአባይ ዓሣ አጥማጆች መረብ የሚሠሩበትን ጥቁር የናይለን ክር ገዛች። ሦስቱን አንድ አድርጋ ገመደች፤ የእንጨት መስቀል አንጠልጥላ በልጇ አንገት አሰረችው። ከዚያ በሁለት እጇ ሳብ ሳብ አደረገችውና «ይኼ እንኳ አይበጠስም» አለች።

አሁን ያንን አውልቅ ተብሏል።

«አየሽ፣ ክፋት የለባቸውም» አላት ሙሴ። «እሳቸውም ክርስቲያን ናቸው እኮ። መስቀሉን እዚህ ላይ ተነቅሰውታል።» የእጁን አንጓ አሳያት። «‹የእኔን ማሽኑ አይዘውም፤ ያንተን ግን ይይዘዋል› ነው ያሉኝ።»

ቤቱን የሚጋሯቸው እማማ አክሱማዊት ልብስ እያጠፉ ያዳምጡ ነበር። በዕድሜ ትልቅ ናቸው፤ ከሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ ቀድመው ካይሮ የገቡ እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ቃላቸው እንደ ሽማግሌ ቃል ይሰማል።

«እነሱ በቆዳቸው፣ እኛ በአንገታችን» አሉ። «ዛሬ ማተብህን፣ ነገ ስምህን አውልቅ ይሉሃል። ለቁራሽ ዳቦ ማተቡን ፈታ ሊባልልህ ነው? እናትህስ በየት በኩል አልፋ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች?»

«ማሽን ነው እማማ። ማሽን ሃይማኖት አያውቅም።»

«አንተም ካላወቅህ ተስማምታችኋላ።»

ሙሴ ሳቀ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። «እሺ፣ ነገ እሑድ አይደል? ቄስ ሙላውን ጠይቂልኝ። እሳቸው ያሉትን አደርጋለሁ።»

«እሺ» አለች።

አልጠየቀቻቸውም። ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ መስቀል እያሳለሙ በአጠገቧ አለፉ። ተሳለመች፤ አፏን ከፈተች፤ «አባቴ፣ ደህና አደሩ?» ብላ ዘጋችው። አውልቅ ቢሉት የገመደችው ክር ሊፈታ ነው፤ አታውልቅ ቢሉት ልጁ ሥራ ሊያጣ ነው። ሁለቱንም ፈራች። ዝም ካሉ ነገሩ በራሱ መንገድ ያገኛል ብላ አሰበች። ስንቶቻችን እንዲህ አስበናል።

ማታ ሙሴ «ምን አሉ?» አላት።

«ሰው ከቧቸው ነበር።»

አላስጨነቃትም። እናቱን ያውቃታል። አውልቅ አለማለቷን አታውልቅ እንዳለችው ቆጠረው። በማግስቱ መስቀሉን ወደ ውስጥ ከተተና ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆለፈ። ኡስታው «አወለቅህ?» ሲሉት «አወለቅሁ» አለ።

ከሙሴ ጋር አንድ ማሽን ላይ የሚሠራ ሱሌይማን የሚባል ጓደኛ ነበረው። ወላጆቹ የወሎ ሙስሊሞች ናቸው፤ እሱ የተወለደው እዚያው ካይሮ ነው።

«አንተ፣ እስከ ጉሮሮህ የቆለፍከው ሙሽራ ነህ እንዴ?» አለው አንድ ቀን።

«ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«በካይሮ ሐምሌ? ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ብርዱን ከአገር ቤት በፖስታ ልከውልህ ነው?» ሱሌይማን ወደ ማሽኑ ሲገባ የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ኪሱ ይከታል። ጣቱን ከፍ አድርጎ አሳየው። «እኔን ተመልከት። በየቀኑ እየፈታሁ በየቀኑ አገባለሁ። ሚስቴ እስካሁን ክስ አልመሠረተችም።»

በዚያች ቅጽበት ከሙሴ ኮሌታ ሥር ጥቁር ክር ታየው። ቀልዱን አቆመ። ወደ ሥራው ዞረ።

አደጋው የደረሰው መብራት ሄዶ በመጣበት ቀን ነው። መብራቱ ሲጠፋ ማራገቢያው ቆመ፤ ወርሻው እንደ ዳቦ ምድጃ ጋለ። ሙሴ ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ፈታ። መብራቱ ሲመጣ ምሰሶው ለአንድ ባለጠጋ ደረጃ በአስቸኳይ የሚፈለግ ነበርና ቁልፉን ሳይመልስ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀረጻው አልቋል፤ ምሰሶው በፍጥነት እየዞረ ነው። የብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ ጎንበስ አለ። መስቀሉ ከሸሚዙ ወጣ። ምሰሶው ላይ የተቀረጸው የወይን ቅጠል ያዘው።

ክሩ ተጠመጠመ። ሙሴ እጁን በክሩና በአንገቱ መካከል ሊያስገባ ሞከረ፤ አልቻለም። ሱሌይማን ሮጦ የማሽኑን ቀይ ማቆሚያ ቁልፍ መታ። ማሽኑ ታዘዘ፤ ግን ያን የሚያህል እንጨት ቁልፍ ስለተመታ በቅጽበት አይቆምም። ጥጥ ክር ቢሆን በመጀመሪያው ዙር ይበጠስ ነበር። ይህ ግን እንዳይበጠስ የተገመደ ነው። ኡስታ ሪዝቅ በመሮ ቆረጡት፤ ስለቱ እንኳ ባንድ ጊዜ አልበጠሰውም።

እጅጋየሁ ሆስፒታል ስትደርስ ልጇን ሸፍነውታል። ጨርቁን ገለጠች። ፊቱ ደህና ነበር። አንገቱ ላይ የሦስት ክር ገመድ ምልክት፣ ጉንጉኑ ሳይቀር፣ ታትሟል። የራሷን የእጅ ሥራ አወቀችው።

ኡስታው መስቀሉን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጧት። የተቆረጠውን ክር በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። አሁንም አልተበጠሰም።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ መጣ። ኡስታ ሪዝቅ በር ላይ ቆመው «ሸሚዝህን ክፈት ማለት ነበረብኝ፤ ቃሉን አምኜ አለፍኩ» አሉ በአረብኛ፤ ሱሌይማን ተረጎመው። ተርጉሞ ሲጨርስ ግን አልተቀመጠም።

«እትዬ እጅጌ፣ እኔ ክሩን አይቼው ነበር።»

ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቀረበ።

«የሃይማኖት ነገር ነው ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ሙስሊም ሆኜ ማተብህን አውልቅ ብለው ምን ይሉኛል ብዬ። አከበርኩት መስሎኝ ነበር።»

እጅጋየሁ አልወቀሰችውም። በምን አፏ ትወቅሰዋለች? ቄስ ሙላው አጠገቧ ተቀምጠዋል፤ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አባቴ፣ ያን እሑድ ብጠይቅዎ ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?»

«ስለ ምኑ ልጄ?»

ነገረቻቸው። ቄሱ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ሲገባ አውልቆ በክብር ያስቀምጠው፣ ሲወጣ ይሰረው እልሽ ነበር። ማተብ ሰውን ከአምላኩ ጋር ለማሰር ነው። ከግንድ ጋር ለማሰር አይደለም። ይህን ለመናገር እኮ አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።»

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉ እማማ አክሱማዊት ከማዕዘን።

እጅጋየሁ ለእሳቸው መልስ ሰጥታ አታውቅም። ያን ቀን ሰጠች። «ፈቃዱን ማን ጠየቀው፣ እማማ? ክሩን የገመድኩት እኔ ነኝ። አታውልቅ ያሉት እርስዎ ነዎት። ልጄ ጠየቀን፤ እሱ ብቻ ነው የጠየቀው።»

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ማተብ አትሰሩ የሚላችሁ የለም። ልጆቻችሁ ግን የሚሽከረከር ነገር አጠገብ ይሠራሉ፤ ወፍጮ ቤት፣ መጋዝ ቤት፣ ጋራዥ። ማተብም ይሁን ሻርፕ፣ የአንገት ሐብልም ይሁን ክታብ፣ ከበር ውጭ ይቆይ። ያላወቃችሁትንም ጠይቁ። ልጅ ጠይቆ ዝም ካላችሁት፣ ዝምታችሁን እንደ ትእዛዝ ይዞት ይሄዳል።

እጅጋየሁ ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ፊደል መቁጠር ጀመረች። አንድ ቀን ወንድማገኝ የሚባል አዲስ የመጣ ወጣት በሯን አንኳኳ። በዚያው ወርሻ፣ በዚያው ማሽን ላይ ሊቀጠር ነው። እሷ ማን እንደሆነች ሰው ነግሮታል። ለመናገር አፍሮ ኮሌታውን ይነካካ ነበር።

«እትዬ፣ እናቴ አገር ቤት ናት። እሷን እንዳልጠይቅ ትደነግጣለች። ማተቤን . . .»

«አውልቀህ ግባ» አለችው ሳይጨርስ። «ስትወጣ እሰረው። ናይለን ከሆነም አምጣው፤ በጥጥ እቀይርልሃለሁ።»

አብራው ወርሻው ድረስ ሄደች። ሙሴ ከሞተ ወዲህ እግሯ እዚያ ረግጦ አያውቅም። ኡስታ ሪዝቅን ሚስማር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም በሩ መቃን ላይ መቱላት። ከሚስማሩ በላይ ባለ ቁራጭ ጣውላ ላይ፣ አንዳንዱ ፊደል እየጋደለባት፣ በከሰል ጻፈች፦ «አውልቀህ ስቀል። ስትወጣ ታገኘዋለህ።» ወንድማገኝ ማተቡን ሰቀለና ገባ። ማሽኑ ሲነሳ ድምፁ እስከ መንገድ ተሰማ። እሷ ሥራው እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች፤ ሲወጣ መስቀሉን አንስታ አንገቱ ላይ አሰረችለት።

እማማ አክሱማዊት ከለቅሶው ንግግር በኋላ ዕቃቸውን ሸክፈው፣ ሄሊዮፖሊስ በሚባለው የካይሮ ሰፈር ተቀጥረው ወደሚሠሩበት ቤት ሄዱ። ሱሌይማን ማሽኑን ማየት አልቻለም፤ «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ኡስታ» ብሎ ሥራውን ለቆ ሄደ። ወንድማገኝ ቀረ። እጅጋየሁም ቀረች፤ ሙሴ የተቀበረው እዚያ ነው።