ያልተረጨው ክፍል

ዳኛው የሚባል ሰው ከደባርቅ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለው የድንጋይ ቤት በር «የቤተሰብ አየር መለወጫ» የሚል ሰሌዳ በቀይ ቀለም ጽፎ ሰቅሏል። ቤቱን ጣሊያን ለመንገድ መሐንዲሶቹ የሠራው ነው። ሰባት የእንግዳ ክፍል አለው፤ ስምንተኛዋ፣ ከማእድ ቤቱ ጎን ያለችው ጠባቧ፣ የእኅቱ የአምሳል ናት። ከጥር እስከ ግንቦት የጎንደር ነጋዴ ከነልጆቹ፣ ከመተማ ወባ ይዞት የመጣውም ከነዘመዶቹ ያርፍበታል። ሰኔ ሲገባ የሚመጣው ጉም ብቻ ነው።

አምሳል ሠላሳ ዓመቷ ነው። አልጋ ታነጥፋለች፤ የእንግዶቹን ልጆች ከገደሉ ትጠብቃለች። «የማን ሚስት ነሽ?» ሲሏት «የዳኛው እኅት ነኝ» ትላለች። ጠያቂው ጥያቄው እንዳልተመለሰለት የሚያስተውለው ብዙውን ጊዜ ጎንደር ከገባ በኋላ ነው።

በ1952 ዓ.ም. ግንቦት ሲያልቅ፣ የመጨረሻዎቹን እንግዶች ሊወስድ ከመጣው ማኪና አንድ ቄስ ወረደ። ሳል ይዞት የደብሩ አለቃ ደጋ ሄደህ አየር ለውጥ ብለውት ነው። አምሳል ጃንጥላ ይዛ ወጣች። ከዝናቡ የተነሣ ጥምጥሙን እንጂ ፊቱን አላየችም፤ ጎንበስ ብላ መስቀሉን ተሳለመች።

«ይፍቱኝ አባ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አለ። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር፤ በእርግጥም ታሟል። ቀና ስትል ሐብተ ማርያም ነው።

ዳኛው ሻንጣውን ተቀብሎ ሦስተኛው ክፍል እስኪያስገባለት ድረስ ሁለቱም ከቆሙበት አልተነቃነቁም። ጃንጥላው ከሁለቱ ማንንም አላስጠለለም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ሐብተ ማርያም ዲያቆን ነበር። የተገናኙት ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ዳር ነው፤ እሱ ነጠላውን ያጥባል፣ እሷ የቤቱን ልብስ ሁሉ። እንዶዱን ነጠላው ላይ ሳይሆን ድንጋዩ ላይ ሲያፈሰው አይታ፣ ምነው ድንጋዩን ታጥበዋለህ አለችው። ከዚያ በኋላ ነጠላው ቶሎ ቶሎ ይቆሽሽ ጀመር። አንድ ዓመት ሙሉ ተዋደዱ።

ዲያቆን ቄስ የሚሆነው ግን ድንግል አግብቶ፣ ከእሷው ጋር ቆርቦ ነው። አምሳል ደግሞ በዘጠኝ ዓመቷ ትክል ድንጋይ የሚባል አገር ለአንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ሙሽራ ተድራ ነበር። ከባሏ ጋር ገበጣ ተጫወተች፣ ደጋግማ አሸነፈችው፣ በሦስተኛው ወር እናቴ ናፈቀችኝ ብላ አልቅሳ ተመለሰች። የሐብተ ማርያም አባት መሪጌታ ወልደኢየሱስ ይህን ሲሰሙ፣ ሰርግ ሰርግ ነው፣ ልጅቱ ፈት ናት አሉ። ሐብተ ማርያም አንገቱን ደፋ። የመረጡለትን አገባ፤ ቀሰሰ። አምሳልም ወንድሟ ዘንድ ገባች።

አሁን ሚስቱ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሚስት የሞተችበት ቄስ ሌላ ካገባ ቅስናው ይፈርሳል፤ ዳግመኛ መቅደስ አይገባም። ይህን ለአምሳል ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳሉ እንዴት አደረ፣ ተመስገን ተባባሉ። በባዶው ቤት መተላለፊያ ላይ ላለመገናኘት ከመጠንቀቃቸው የተነሣ ቤቱ እንግዳ የሞላበት ይመስል ነበር። ሳሉ በሁለተኛው ሳምንት ለቆታል። ማንም አላነሣውም።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ዳኛው አንድ ነገር ለመነው። እንግዳ የጠፋው ቤቱን ዓይን አይቶት ነው ብሎ ያምናል፤ ዝናቡን አይጠረጥርም። ጠበል ጸልየው ክፍሎቹን አንድ በአንድ ይርጩልኝ፣ አምሳል ሳህኑን ትይዝልዎታለች አለ።

አንደኛውን ረጨ፤ ሁለተኛውን ረጨ። ሦስተኛው የራሱ ነበር፤ አልጋው ሰው ያደረበት አይመስልም። አራተኛው ውስጥ መጽሐፉን ሳይገልጥ ስለ ሚስቱ ነገራት፤ ደግ ሴት እንደነበረች፣ ያዘነላትም ከልቡ እንደሆነ። አምሳል ነፍስ ይማር አለች፤ እሷም ከልቧ ነው። አምስተኛው ውስጥ ምነው ሳታገባ እንደቀረች ጠየቃት። አንድ የዛሪማ ነጋዴ ሽማግሌ ልኮ እንደነበር፣ ሸጋ ሰው እንደሆነ፣ ግን ሲስቅ እንዳልወደደችው ነገረችው። በስድስተኛውና በሰባተኛው ከጸሎቱ በቀር የተሰማ ነገር የለም።

ስምንተኛዋ በር ላይ ቆመ። ጠባብ አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ ወደ ገደሉ የሚያይ መስኮት።

«ይግቡ እንጂ፣ አባ።»

«እዚህ ክፍል እንደ ቄስ መግባት አልፈልግም።»

ሳህኑን ሣጥኑ ላይ አስቀመጠች።

«ታዲያ እንደ ምን ሊገቡ ነው?»

«እንደ ባልሽ።»

ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት ነበር። ወደዚያው አየች፤ የሚታይ ነገር ግን አልነበረም።

«ያን ጊዜ መቅደሱን መረጥህ» አለች። «አልቀየምሁህም። ዛሬ እኔን ብትመርጥ ግን፣ የቅዳሴ ደወል በተደወለ ቁጥር ፊቴን እያየህ ትቆጫለህ። ያስፈረሰችው እሷ ናት እየተባልሁ ማርጀት አልፈልግም።»

«የማፈርሰው እኔው ነኝ።»

«እዚህ ጉም ውስጥማ ማንም ደፋር ነው። ጎንደር ወርደህ በላቸው። ከዚያ ና። ካልመጣህም ይገባኛል።»

ክፍሉ ሳይረጭ ቀረ። በሦስተኛው ቀን ማኪና ተሳፈረ።

ሐምሌ ገባ። አምሳል ወደ መንገዱ የሚያየውን መስኮት ጠዋት ማታ ትወለውላለች፤ ዳኛው መስኮቱ እንደዚህ ጠርቶ አያውቅም ብሎ አመሰገናት። ነሐሴ ሲገባ፣ ፍልሰታ ነው፣ ከመቅደስ አይለይም አለች ለራሷ። ፍልሰታ ተፈታ። መንገዱን ጭቃው ዘግቶት ነው አለች። አዲሱ ዓመት ገብቶ መንገዱ ተከፈተ። ከመጀመሪያው ማኪና ጨው ወረደ፤ ከሁለተኛው ነጭ ጋዝ። ሐብተ ማርያም አልወረደም።

በመስከረም ሃያ አንድ፣ ለማርያም ብላ ጎንደር፣ እሱ ወደሚያገለግልበት ደብር ወረደች። ቅስናውን እንደያዘ በዓይኗ አይታ ተስፋዋን ልትቆርጥ ነው። በቅዳሴው መካከል መጋረጃው ሲከፈት አምስት ልዑካን ወጡ። አንድ በአንድ አየቻቸው፤ እሱ የለም። ይህን አላሰበችበትም ነበር። ሳሉ ተመልሶበት ሞቶ ይሆናል አለች በልቧ።

ሕዝቡ ሲወጣ ከቅጥሩ ሥር፣ ሌሊቱን በማኅሌት ካደሩት ደብተራዎች ራቅ ብሎ፣ መቋሚያውን ተደግፎ ቆሞ አገኘችው። ከስቷል።

«መቅደስ ውስጥ አላየሁህም» አለች።

«በወረድሁ በሳምንቱ ሌላ ላገባ ነው ብዬ ለአለቃ ነገርኋቸው። አሁን ማኅሌት ነው የምቆመው፣ መጨረሻው ተርታ።»

«እና ምነው ዝም አልኸኝ? እኔ ሦስት ወር መስኮት ስወለውል።»

«ወዲያው ብመጣ አምሳል አስፈረሰችው ይሉ ነበር። ብቻዬን ሆኜ ይዩኝ ብዬ ነው። ማንን ነው ሲሉኝ ስምሽን አልጠራሁም። ደብዳቤ ብጽፍም የሚያነብልሽ ዳኛው ነው፤ ዳኛው ካነበበው ደባርቅ በሙሉ አነበበው ማለት ነው።»

«ሰዉ ምን አለህ?»

«አበደ አሉ።»

«እኔን ሳይጨምሩ?»

«ብቻዬን ነው ያበድሁት።»

ልትስቅ ነበር፤ ጥያቄዋን ግን አልጨረሰችም።

«ደወሉ ሲደወልስ?»

«ያመኛል» አለ። «አልዋሽሽም፣ ያመኛል። ግን ፊትሽ አይደለም የሚመጣብኝ። ያን ጊዜ አባቴ ፊት አንገቴን ስደፋ ነው የሚታየኝ።»

አምሳል ነጠላዋን አስተካከለች። ማኪናው በስምንት ሰዓት እንደሚነሣ ነገረችው። ዳዊቱንና ጋቢውን ላምጣ ብሎ ሄደ።

እሷ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከሚወጡት ሴቶች መካከል የድሮ ጎረቤቷ ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነበሩ፤ ከጓደኞቻቸው ጋር እየተጎሻሸሙ አለፏት፣ መለስ ብለውም አዩዋት። የጠየቃት የለም።

«እንደምን አረፈዳችሁ» አለቻቸው ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሐብተ ማርያምን እየጠበቅሁት ነው። የሚያገባው እኔን ነው።»

ሴቶቹ ቆሙ። አምሳልም በድንጋዩ ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች።